በእጅ የሚያዝ የጃፓን የመኪና እሽቅድምድም ጨዋታ፤ ደስታውና የመታጠፊያው ሕግ

ሀ. መግቢያ

በማደሪያ ቤት አንድ ክፍል የምንኖር አራት ተማሪዎች ባለፈው ዓመት የትርፍ ጊዜያችንን አብዛኛውን ክፍል ያሳለፍነው ከእጅ መዳፍ እምብዛም በማትበልጥ የጨዋታ መሣሪያ ላይ ጐንበስ ብለን ነው። መሣሪያዋ የሶኒ ኩባንያ የሠራት ፕሌይስቴሽን ፖርተብል፥ በአጭሩ ፒ.ኤስ.ፒ. የምትባለው ስትሆን፥ የምንጫወተው ደግሞ «ኢኒሻል ዲ ስትሪት ስቴጅ» የተባለውን በተራራ መንገድ ላይ የሚደረግ የመኪና እሽቅድምድም ነው። ሁለቱንም ያመጣልን የአንዳችን አጎት ነው። ለሥራ ቶኪዮ ሄዶ ሲመለስ፥ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ በርካሽ ዋጋ ገዝቶ፥ «ቋንቋው ጃፓንኛ ነው፤ እንግዲህ እናንተው ተወጡት» ብሎ ሰጠን።

የምርምር ጽሑፍ በሚወጣበት በዚህ መጽሔት ላይ ስለ መጫወቻ መጻፍ ለአንዳንድ አንባብያን ቀልድ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን ብዕር እንድናነሣ ያስገደዱን ሁለት ምክንያቶች አሉ። አንደኛው፥ ይህ ጨዋታ ስለ ቋንቋ፥ ስለ ፊደልና ስለ ፊዚክስ ብዙ እንድንጠይቅ ስላደረገን፥ ያገኘነውን መልስ ለጓደኞቻችን ማካፈል ተገቢ መስሎ ስለ ታየን ነው። ሁለተኛው ግን ከዚህ የከበደ ነው። ከአራታችን አንዱ በዕረፍት ጊዜ ወደ ቤተሰቦቹ ሄዶ ሳለ፥ በጨዋታው ላይ የለመደውን ዓይን ይዞ እውነተኛ መኪና በመንዳቱ አደጋ ደርሶበታል። በእርሱም በኩል፥ በእኛም በኩል የነበረው ስሕተት ምን እንደ ሆነ በስሌት ማሳየት እንደሚቻል ስላወቅን፥ እርሱ ራሱ ይህ እንዲጻፍ አጥብቆ ጠይቆናል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ለ. የታሪኩ አመጣጥ

«ኢኒሻል ዲ» በመጀመሪያ በሥዕል የሚነገር ታሪክ፥ ጃፓኖች ማንጋ የሚሉት ነበር። ደራሲውና ሠዓሊው ሹዊቺ ሺጌኖ ሲሆኑ፥ ታሪኩ ከ1995 እስከ 2013 ድረስ «ያንግ ማጋዚን» በተባለ ሳምንታዊ መጽሔት ላይ እየተከታተለ ሲወጣ ቆይቶ በ48 ቅጽ ተፈጽሟል። በ1998 በቴሌቪዥን የሚታይ የሥዕል ፊልም፥ ማለት አኒሜ፥ ሆነ። ከዚያም ሴጋ የተባለው ኩባንያ ሳንቲም ተከፍሎባቸው በሚጫወቱባቸው አዳራሾች የሚቆም፥ መሪና ፍሬን ያለው ትልቅ የጨዋታ መሣሪያ አወጣበት። በመጨረሻም በየካቲት 2006 ይኸው የአዳራሽ ጨዋታ በኪስ ውስጥ እንዲገባ ሆኖ ለፒ.ኤስ.ፒ. ተዘጋጀ። እኛ እጅ የገባው ይህ ነው።

የታሪኩ ባለቤት ታኩሚ ፉጂዋራ የተባለ የ18 ዓመት ተማሪ ነው። አባቱ ቡንታ ቶፉ፥ ማለት ከአኩሪ አተር የሚሠራ እንደ አይብ ያለ ምግብ፥ እየሠራ ይሸጣል። ልጁ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ ያን ቶፉ በአሮጌ ቶዮታ መኪና ጭኖ፥ አኪና ከተባለው ተራራ በላይ በሐይቁ ዳር ወዳለው ሆቴል ያደርሳል። ይህን ሲያደርግ አምስት ዓመት ያህል ሆኖታል። ሲሄድ ዕቃው እንዳይሰባበር በዝግታ ይወጣል፤ ሲመለስ ግን መኪናው ባዶ ስለሆነና ወደ መኝታው ለመመለስ ስለሚቸኩል ቁልቁለቱን በፍጥነት ይወርዳል። ስለ እሽቅድምድም ደንታ የሌለው ይህ ልጅ፥ ውድ መኪና ይዘው ከየአገሩ የሚመጡትን ጎረምሶች በአባቱ የዕቃ ማመላለሻ ያሸንፋቸዋል።

አኪና የሚለው ስም የደራሲው ፈጠራ ሲሆን፥ እውነተኛው ተራራ በጉንማ ክፍለ ሀገር የሚገኘው የሃሩና ተራራ ነው። ከፍታው 1,449 ሜትር ሲሆን፥ ከላይ ሐይቅ፥ ከግርጌው ደግሞ በፍል ውሃ የታወቀች ኢካሆ የተባለች ከተማ አለች። በጨዋታው የሚገኙት አካጊ፥ ሚዮጊና ኡሱይ የተባሉትም መንገዶች በእውነት ያሉ ናቸው።

ሐ. የማይነበበውን ማንበብ

ጨዋታው ከጃፓን ውጪ እንዲሸጥ ታስቦ ስላልተዘጋጀ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ የለበትም ማለት ይቻላል። የሆነ ሆኖ ፒ.ኤስ.ፒ. የጨዋታ ዲስኮቿን በአገር ለይታ አትከለክልም፤ በጃፓን የታተመ ጨዋታ በየትም አገር በተሸጠ መሣሪያ ላይ ይሠራል። ስለዚህ የከለከለን መሣሪያው ሳይሆን የራሳችን አለማወቅ ብቻ ነበር።

የመጀመሪያው ችግር የመጣው ከሁለት ቁልፎች ነው። በመሣሪያዋ ቀኝ በኩል የክብ ምልክትና የኤክስ ምልክት ያለባቸው ቁልፎች አሉ። ለአሜሪካና ለአውሮጳ በተዘጋጁት ጨዋታዎች ኤክስ «እሺ» ማለት ሲሆን፥ በጃፓን ግን ክቡ «እሺ»፥ ኤክሱ «ተወው» ማለት ነው። እነርሱ ክቡን ማሩ፥ ኤክሱን ባትሱ ይሉታል፤ መምህሩም የተማሪውን ትክክለኛ መልስ በክብ ያከብበዋል። እኛ ይህን ሳናውቅ ለሁለት ሳምንት ያህል የደከምንበትን ውጤት እናስቀምጣለን ብለን ኤክስ ተጫንን፤ ውጤቱም ሁሉ ጠፋ። በኋላ ነገሩን ስናስበው የጃፓኖቹ አሠራር ለእኛም የቀረበ ነበር፤ በእኛም ትምህርት ቤት ኤክስ የስሕተት ምልክት እንጂ የስምምነት ምልክት ሆኖ አያውቅምና።

ከዚያ በኋላ ፊደሉን ለመማር ቆረጥን። ጃፓኖች በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ሦስት ዓይነት ምልክት ይጠቀማሉ። ከቻይና የተወሰዱት ካንጂ የተባሉት ብዙ ሺህ ስለሆኑ እነርሱን ተውናቸው። ካታካና የሚባለው ግን 46 መሠረታዊ ምልክቶች ብቻ ያሉት ሲሆን፥ የውጭ አገር ቃላት፥ ይልቁንም የመኪናና የጨዋታ ቃላት የሚጻፉት በእርሱ ነው። ለአማርኛ አንባቢም ይህ ፊደል እንግዳ አይደለም፤ ለምን ቢሉ፥ እንደ እኛ ፊደል እያንዳንዱ ምልክት ተነባቢውን ከአናባቢው ጋር አንድ አድርጎ ይይዛል። «ቶዮታ» በእኛ ሦስት ሆሄ ነው፤ በካታካናም ሦስት ምልክት ነው። አንድ ፈረንጅ በስድስት ፊደል የሚጽፈውን እኛና ጃፓኖች በሦስት እንጨርሰዋለን።

ልዩነቱም መነገር ይገባዋል። በእኛ ፊደል ከ«ከ» ወደ «ኩ» እና «ኪ» ስንሄድ የሆሄው አካል ሳይለወጥ ቅጥያ ብቻ ይጨመርበታል፤ ስለዚህ 33ቱን ግዕዝ ያወቀ ሰው 231ዱን ለመማር ግማሽ መንገድ ሄዷል። በካታካና ግን «ካ» እና «ኪ» በመልክ አይዛመዱም፤ እያንዳንዱን ለብቻው መሸምደድ ያስፈልጋል። ከዚህም በላይ ጃፓንኛ ከ«ን» በቀር ሳድስ የሚመስል ምልክት የለውም። ስለዚህ የእንግሊዝኛው «ስታርት» ሱታቶ፥ «ታይም» ታይሙ፥ «ብሬክ» ቡሬኪ ይሆናል። ማዝዳ የተባለው መኪና በአገሩ ማትሱዳ ተብሎ ሲጻፍ ስናነብ፥ የዓለም ገበያ የሚያውቀው ስም የቱን ያህል እንደ ተለወጠ ተረዳን። በሦስት ሳምንት ውስጥ አራታችንም የመኪኖቹን ስምና የጨዋታውን ትእዛዝ አብዛኛውን ማንበብ ቻልን።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስደስት ነገር እንጨምር። ጃፓኖች የመኪናውን አካል ስም ከእንግሊዝኛ ሲወስዱ፥ እኛ ፍሬን፥ ጎማ፥ ማርሽና ካምቢዮ እያልን ከጣልያንኛ ወስደናል። በጨዋታው ላይ ያለማቋረጥ የሚሰማው በደቂቃ 150 ምት ገደማ ያለው ፈጣን የዳንስ ሙዚቃ ደግሞ ዩሮቢት የሚባል ሲሆን፥ አብዛኛው የሚዘጋጀው በጣልያን አገር ነው። እንግዲህ በጃፓን ተራራ ላይ፥ በጣልያን ሙዚቃ፥ አማርኛ የሆነውን የጣልያን ቃል እየጠራን «ፍሬን ያዝ!» እየተባባልን ስንጫወት ከረምን።

መ. ጨዋታው እንዴት እንደሚሄድ

ተጫዋቹ በመጀመሪያ መኪና ይመርጣል፤ ካምቢዮውን በእጁ ለመለወጥ ወይም በራሱ እንዲለወጥ ለማድረግም ይወስናል። ከዚያ ከታሪኩ ሰዎች ከአንዱ ጋር አንድ ለአንድ ይሽቀዳደማል፤ ወይም ብቻውን ከሰዓት ጋር ይታገላል። ሲያሸንፍ ነጥብ ያገኛል፤ በነጥቡም መኪናውን ያሻሽላል። በአዳራሽ ያለው መሣሪያ ይህን ሁሉ በትንሽ ካርድ ላይ ይመዘግብ ነበር፤ በእጅ በሚያዘው ግን በመሣሪያዋ ውስጥ በምትሰካው የማስታወሻ ካርድ ላይ ይቀመጣል።

ከምናውቃቸው የእሽቅድምድም ጨዋታዎች የሚለየው መንገዱ ጠባብ መሆኑ ነው። ግራና ቀኙ የብረት አጥር ወይም ገደል ነው፤ ቀጥ ያለው ሥፍራ ጥቂት፥ መታጠፊያው ግን ብዙ ነው። በጀመርንበት ሰሞን ሁላችንም ነዳጁን እስከ መጨረሻው ተጭነን መታጠፊያ ላይ ከአጥሩ ጋር እንላተም ነበር። ቆየት ብለን ያስተዋልነው ግን፥ ከመታጠፊያው በፊት ቀደም ብሎ ፍሬን የያዘ፥ መኪናውን አዙሮ ከጨረሰ በኋላም ነዳጅ የሰጠ ሰው ሁልጊዜ የተሻለ ሰዓት እንደሚያስመዘግብ ነው። «በዝግታ ግባ፥ በፍጥነት ውጣ» የሚለው የነጂዎች ምክር በመዳፋችን ውስጥ ሲፈጸም አየን። የጨዋታውም ደስታ ከዚህ የመጣ ነው፤ ትናንት የከሸፈብንን መታጠፊያ ዛሬ ያለ ግጭት ስናልፍ፥ ሦስቱ ተመልካቾች ከአልጋቸው ላይ ይነሡ ነበር።

በቶቺጊ ክፍለ ሀገር ኒኮ በተባለው ሥፍራ የሚገኘው የኢሮሃዛካ መንገድ በተለይ ወደድነው። እርሱም መውጫውና መውረጃው የተለያየ ሁለት መንገድ ሲሆን፥ በጠቅላላው 48 መታጠፊያ አለው፤ 20 በመውጫው፥ 28 በመውረጃው። ለእያንዳንዱ መታጠፊያ የጥንቱ የጃፓን ፊደል ተራ፥ ኢ፥ ሮ፥ ሃ እየተባለ ስም ወጥቶለታል። በእኛ ቋንቋ ሀ፥ ሁ፥ ሂ እያሉ ተራራ እንደ መውረድ ነው። ፊደል የምንማረውና መታጠፊያ የምንማረው በአንድ ጊዜ ሆነ ማለት ነው።

ሠ. የመታጠፊያው ሕግ

አሁን ወደ ፊዚክሱ እንመለስ። ማንኛውም ዕቃ ካልከለከሉት በስተቀር ቀጥ ብሎ ይሄዳል። መኪና ከቀጥታው ወጥቶ እንዲታጠፍ ወደ መታጠፊያው መካከል የሚስበው ኀይል ያስፈልገዋል፤ ይህንም ኀይል የሚሰጠው ጎማው ከአስፋልቱ ጋር ያለው መያያዝ፥ ማለት ሰበቃ ብቻ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው የፍጥነት ለውጥ የሚገኘው ፍጥነቱን በራሱ አባዝቶ ለመታጠፊያው ሬድየስ በማካፈል ነው። ፍጥነቱ በራሱ ስለሚባዛ፥ ፍጥነትን እጥፍ ማድረግ የሚጠይቀው ሁለት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ መያያዝ ነው።

በቁጥር እንየው። ሬድየሱ 20 ሜትር በሆነ መታጠፊያ ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሴኮንድ 11.1 ሜትር ይሄዳል። 11.1ን በራሱ አባዝተን ለ20 ስናካፍለው 6.2 ገደማ ይሆናል። በደረቅ አስፋልት ላይ የሰበቃው ልክ 0.8 ነው ብንል፥ ይህን በመሬት ስበት በ9.8 ስናባዛው ጎማው ሊሰጥ የሚችለው 7.8 ነው። ስለዚህ መኪናው ያለ ችግር ያልፋል። በ60 ኪሎ ሜትር ቢገባ ግን የሚያስፈልገው 13.9 ስለሚሆን ማንም ነጂ፥ ምንም ቢበረታ፥ ሊያልፍ አይችልም። በዝናብ ጊዜ የሰበቃው ልክ ወደ 0.5 ቢወርድ፥ ጎማው የሚሰጠው 4.9 ብቻ ይሆናል፤ ያን ጊዜ የመጨረሻው ፍጥነት በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

በጨዋታው ላይ ታዲያ እንዴት በከፍተኛ ፍጥነት ይታለፋል? አንደኛው መልስ የመንገዱ ስፋት ነው። እሽቅድምድም የሚያውቅ ሰው ከውጪው ጠርዝ ተነሥቶ፥ ወደ ውስጠኛው ጠርዝ ተጠግቶ፥ እንደ ገና ወደ ውጪው ጠርዝ ይወጣል። በዚህ ዘዴ መኪናው የሚሄድበት መስመር ከመንገዱ ይልቅ የተለጠጠ ስለሚሆን ሬድየሱ ያድጋል። ሬድየሱ ከ20 ወደ 40 ሜትር ቢያድግ በደረቅ መንገድ የሚፈቀደው ፍጥነት ከ45 ወደ 64 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ነገር ግን ይህ ትርፍ የተገኘው ከሌላው ሰው መንገድ ተወስዶ ነው። በጨዋታው ላይ ከፊት ለፊት የሚመጣ የጭነት መኪና ስለሌለ ሁለቱም መንገድ የእኛ ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄ አሮጌው ቶዮታ ለምን ያሸንፋል የሚለው ነው። ይህ መኪና ከ1983 እስከ 1987 የተሠራው ስፕሪንተር ትሩዌኖ ሲሆን፥ በሞዴል ስሙ ኤ.ኢ.86 ይባላል። ሞተሩ 1.6 ሊትር፥ ክብደቱ ከ1,000 ኪሎ ግራም በታች ነው። ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ የሆነው ኒሳን ስካይላይን ጂ.ቲ.አር. 280 የፈረስ ጉልበት ሲኖረው ክብደቱ ከ1,400 ኪሎ ግራም በላይ ነው። በአቀበት ላይ ትግሉ አያስኬድም። በቁልቁለት ግን የመሬት ስበት ለሁለቱም እኩል ይረዳል፤ የሞተር ብርታት ጥቅሙ ይቀንሳል፤ ዋናው ጥያቄ «ማን ቶሎ ይሮጣል?» ሳይሆን «ማን በሚገባ ይቆማል?» ይሆናል። በእኩል ፍጥነት ከባዱ መኪና የሚይዘው ጉልበት የቀላሉን አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ስለሆነ፥ ይህ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ወደ ሙቀት መለወጥ አለበት። ከብዙ መታጠፊያ በኋላ የከባዱ መኪና ፍሬን ሲግል፥ ጎማውም ሲደክም፥ ቀላሉ ይደርስበታል። ደራሲው ታሪኩን አጋንኖታል ማለት ይቻላል፤ መሠረቱ ግን ውሸት አይደለም።

ረ. የውሃው ብርጭቆ

በታሪኩ ውስጥ አባትየው በመኪናው ውስጥ ውሃ የሞላበት ብርጭቆ ያስቀምጥና፥ ልጁ ሳያፈስ እንዲነዳ ያዝዘዋል። ይህን ለመመርመር ፈለግን። መኪና ሲታጠፍ የውሃው ገጽ ይዘነበላል፤ የሚዘነበልበትም ልክ ከመታጠፊያው የፍጥነት ለውጥና ከመሬት ስበት ንጽጽር ይገኛል። የብርጭቆው አፍ 7 ሴንቲ ሜትር ቢሆንና ውሃው ከአፉ 1 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ቢል፥ ንጽጽሩ ከ0.3 ሲያልፍ ውሃው መፍሰስ ይጀምራል። ባለ 20 ሜትሩን መታጠፊያ በዚህ ልክ ለማለፍ የሚፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። እንግዲህ ውሃ ሳያፈስሱ እሽቅድምድም ማሸነፍ በልብ ወለድ እንጂ በተግባር አይገኝም።

ሆኖም ትምህርቱ ከንቱ አይደለም። በከተማ አውቶቡስ ላይ ግማሽ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ይዘን፥ ተሳፋሪው እየሳቀብን ሞከርነው። ውሃው የፈሰሰብን አውቶቡሱ ሲታጠፍ ሳይሆን፥ ነጂው ፍሬኑን በድንገት ሲይዝና በድንገት ሲለቅ ነው። ውሃውን የሚያወዛውዘው ፍጥነቱ ብቻ ሳይሆን የለውጡ ድንገተኛነት ነው። ጎማም እንዲሁ ነው። ፍሬን ሲያዝ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ጎማዎች ይሄዳል፤ የኋላዎቹ ይቀልላሉ። በዚያች ቅጽበት መሪውን በኀይል ያዞረ ነጂ የኋላው ጎማ ይከዳዋል። ብርጭቆው እንግዲህ የነጂውን ትዕግሥት የሚለካ መሣሪያ ነው።

ሰ. ጨዋታው የማይናገረው

ወደ ጓደኛችን አደጋ እንምጣ። መንጃ ፈቃዱን ባወጣ በአራተኛው ወር የአባቱን መኪና ይዞ፥ ታናሽ እኅቱን ከጎኑ አስቀምጦ፥ ዝናብ ካባራ በኋላ በከተማቸው አጠገብ ያለችውን ቁልቁለት ይወርድ ነበር። በእርሱ አነጋገር በዝግታ ነበር የሚሄደው፤ ከ45 ኪሎ ሜትር አላለፈም። መኪናው መታጠፊያው ላይ ከዳውና ከቦዩ ውስጥ ተገለበጠ። እርሱ በጥቂት ቁስል ተረፈ። የእኅቱ ቀኝ እጅ ግን ስለ ተሰበረ፥ ዓመቱን ሙሉ የተዘጋጀችበትን የ12ኛ ክፍል ፈተና ሳትፈተን ቀረች፤ ሌላ ዓመትም መጠበቅ ግድ ሆነባት።

ልንጠይቀው በሄድን ጊዜ ሦስታችን ገመድና ሜትር ይዘን ወደዚያች መታጠፊያ ወረድን። በውስጠኛው ጠርዝ ላይ ካሉ ሁለት ነጥቦች መካከል 24 ሜትር ገመድ ዘረጋን፤ ከገመዱ መካከል እስከ ጠርዙ ያለው ርቀት 4 ሜትር ሆነ። የገመዱን ርዝመት በራሱ አባዝቶ ለመካከሉ ርቀት ስምንት እጥፍ በማካፈልና የመካከሉን ርቀት ግማሽ በመጨመር ሬድየሱ ይገኛል፤ ይኸውም 18 ሲደመር 2፥ ማለት 20 ሜትር ነው። ከላይ በምሳሌ ያሰላነው መታጠፊያ እንግዲህ ምሳሌ አይደለም፤ ይኸው ራሱ ነው። በ45 ኪሎ ሜትር የሚያስፈልገው 7.8 ሲሆን፥ እርጥቡ መንገድ ሊሰጥ የሚችለው 4.9 ነበር።

ጓደኛችን ሰነፍ ተማሪ አይደለም፤ ይህን ስሌት ከማናችንም በተሻለ ያውቀዋል። ያሳሳተው ዓይኑ ነው። ለስድስት ወር ያህል እንዲህ ያለውን መታጠፊያ መሣሪያዋ ላይ ከ80 በላይ የሚል ቁጥር እያየ ሲያልፍ ስለ ኖረ፥ 45 የዔሊ ጉዞ መሰለው። እኛም ከጥፋቱ ድርሻ አለን። ከአጥር ሲጋጭ ስንስቅ፥ ፍሬን ቀድሞ ሲይዝ «ፈራህ!» ስንለው ነበርና።

ከሁሉ የሚበልጠውን ነገር የተናገረችው እኅቱ ናት። እጇ በጀሶ እንደ ታሰረ መሣሪያዋን በግራ እጇ ይዛ ካየች በኋላ፥ «በዚህ ጨዋታ ላይ ከነጂው ጎን የሚቀመጥ ሰው አለ?» ብላ ጠየቀችን። የለም አልናት። በእርግጥም በዚያች ትንሽ ሰሌዳ ላይ ከጎን የሚቀመጥ ሰው፥ ከፊት የሚመጣ ሰው፥ መንገድ የሚሻገር ሰው የለም። ከአጥር የተላተመ መኪና ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ እንደ ገና ይሮጣል።

ጃፓኖችም ይህን ልዩነት በሕግ አስምረውበታል። በዚያ አገር መኪና ለመንዳት 18 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። በ1978 የመንገድ ትራፊክ ሕጋቸው ሲሻሻል፥ በቡድን ሆኖ ሌላውን ለአደጋ በሚያጋልጥ አኳኋን መንዳት በወንጀል የሚያስቀጣ ሆነ፤ በ2001 ደግሞ በአደገኛ አነዳድ ሰው የገደለ ወይም ያቆሰለ በከባድ ቅጣት እንዲቀጣ በወንጀለኛ መቅጫ ሕጋቸው ተጨመረ። በሃሩና ተራራም ፈጣን ነጂዎችን ለመግታት በመታጠፊያዎቹ ላይ ጉብታ ተሠርቷል። ታሪኩን የጻፈው አገር ታሪኩ በመንገዱ ላይ እንዳይደገም ጉብታ መሥራቱን ስናውቅ፥ በልብ ወለድና በኑሮ መካከል ያለውን ወሰን ከእኛ ይልቅ በሚገባ እንደሚያውቅ ተረዳን።

ሸ. መደምደሚያ

ከዚህ በላይ የተጻፈውን ያነበበ ሰው ጨዋታው ይጣል ልንል እንደሆነ ይጠብቅ ይሆናል። አንልም። አንድ ፊደል ያስተማረንን፥ አራታችንን በአንድ አልጋ ዙሪያ ሰብስቦ ያሳቀንን፥ የኒውተንን ሕግ ከጥቁር ሰሌዳ አውርዶ በመዳፋችን ላይ ያኖረልንን ነገር ክፉ ነው ማለት ውለታ ቢስነት ነው። የፒ.ኤስ.ፒ. መሣሪያ ማምረት በ2014 ስለ ቆመ፥ ያለችንን በጥንቃቄ እንይዛታለን።

ለጓደኞቻችን የምናቀርበው አሳብ ግን ይህ ነው። እንዲህ ያለ ጨዋታ የሚጫወት ሁሉ፥ ይልቁንም አዲስ መንጃ ፈቃድ ያለው፥ በየቀኑ የሚያልፍባትን አንዲት መታጠፊያ በገመድ ይለካ፤ ሬድየሷን ያግኝ፤ በደረቅና በዝናብ ጊዜ የምትፈቅደውን ፍጥነት አስልቶ በወረቀት ይጻፍ። ገመድ፥ ሜትርና አንድ ረዳት ከማስፈለጉ በቀር ወጪ የለውም፤ ሲለካ ግን መኪና በማይበዛበት ሰዓት፥ ከመንገዱ ዳር ሆኖ ይለካ። የፊዚክስ መምህሮቻችንም ይህን ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች እንደ መልመጃ ቢሰጡት ብዙ የሚጠቅም ይመስለናል።

እኛ ይህን ስሌት የሠራነው ከአደጋው በኋላ ነው። የሚያስፈልገው ዕውቀት ሁሉ ግን ከአደጋው በፊት በደብተራችን ውስጥ ነበር። ጓደኛችን ዛሬም ከእኛ ጋር ይጫወታል፤ ከአራታችንም ቀድሞ ፍሬን የሚይዘው እርሱ ነው። «ፈራህ» የሚለው ቃል በክፍላችን ውስጥ ከእንግዲህ አይነገርም። እኅቱም በመጪው ዓመት ለፈተናዋ ትቀመጣለች፤ የፊዚክሱን ክፍል እየተፈራረቅን የምናስጠናት እኛ ነን።